ፔዳና ጎረቤቶቹ

ባሕር ዳር ላይ «ፔዳ» ያሉት ባጃጅ ነጂ የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ በር ላይ ያወርድዎታል። ስሙ ከቀድሞው የፔዳጎጂ አካዳሚ የቀረ ነው፤ የዛሬው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ኮሌጅም ሥሩ እዚያው ነው። አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሦስትዮሽ ስምምነት ነበር።

የተሰጠው ሥራ ዛሬም ያስደንቃል። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ከገጠሩ ኑሮና ልማት ጋር የሚያስማሙ ባለሙያዎች እንዲያፈራ ነበር የተፈለገው፦ ለመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት (ቲቲአይ) አሠልጣኞች፣ ለትምህርት ቤቶች ርእሳነ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች፣ ከእነሱም ጋር የጎልማሶች ትምህርትና የማኅበረሰብ ልማት ሠራተኞች። የመጨረሻዎቹን ልብ ይሏል። አሠልጣኙንና የመንደሩን የልማት ሠራተኛ በአንድ ግቢ ለማስተማር የወሰኑ ሰዎች፣ ወላጁን ሳይዙ ልጁን ማስተማር እንደማይቻል ገብቷቸዋል። ዘመኑም ለዚህ ሐሳብ የተመቸ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ፕሮግራም ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ይላኩ ነበር፤ አብዛኞቹም የሚመደቡት ለማስተማር ነው።

አካዳሚው ኋላ የመምህራን ኮሌጅ ተባለ፤ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ በከተማው ከነበረው የፖሊ ቴክኒክ ተቋም ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ዩኒቨርሲቲዎችን ከማስተማርና ከምርምር በተጨማሪ ኅብረተሰቡን እንዲያገለግሉ ያዛል። ሌላው ኮሌጅ ለዚህ ግዴታ አዲስ ሥራ ሊፈልግ ይችል ይሆናል። የትምህርት ኮሌጅ ግን መፈለግ የለበትም፤ የዕለት ሥራው ራሱ ከጎረቤት ትምህርት ቤቶች ውጭ አይሆንለትም። ሐኪም ያለ ሆስፒታል እንደማይሠለጥን ሁሉ መምህርም ያለ ክፍልና ያለ ልጆች አይሠለጥንም።

ኮሌጁንና ትምህርት ቤቶቹን የሚያገናኘው ፕራክቲከም የሚባለው የማስተማር ልምምድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ፣ በተለምዶ ቴሶ የሚባለው፣ የማስተማር ልምምድን ከሥልጠናው ማብቂያ አውጥቶ በየዓመቱ በተነው። ሠልጣኙ መጀመሪያ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጦ ይመለከታል፤ ቀጥሎ መምህሩን ያግዛል፤ በኋላ ክፍሉን ራሱ ይይዛል። የትምህርት ቤቱ መምህር ያማክረዋል፣ የኮሌጁ መምህር እየመጣ ይገመግመዋል።

በወረቀት ሲታይ ሽርክና ነው። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ደብዳቤ ይዞ መጥቶ ማኅተም አስመትቶ መሄድ ይሆናል። ሠልጣኙ የተመደበበት መምህር ምን እንዲያሳየው እንደሚጠበቅ የነገረው የለም፤ ጊዜውን ሰጥቶ ምስጋና እንኳ አያገኝ ይሆናል። ርእሰ መምህሩ ሠልጣኞቹ መቼ እንደሚመጡ የሚያውቀው በር ላይ ሲያያቸው ነው። ይህ መታረም አለበት፤ ማረሙም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ዓመቱ ሲጀመር ኮሌጁና ትምህርት ቤቶቹ ተቀምጠው ጊዜውን ይስማሙ፤ አማካሪ መምህራኑ አጭር ሥልጠና ያግኙ፤ የሚሰጡት አስተያየትም በሠልጣኙ ውጤት ውስጥ ይቆጠር።

ምርምሩም እንዲሁ ከትምህርት ቤቶቹ ጋር መሠራት ያለበት ነው። የመማሪያ ክፍልን ችግር ከክፍሉ ሆኖ የሚመረምር አክሽን ሪሰርች በሥልጠናው ውስጥ አለ፤ ጥሩ መሣሪያም ነው። ጥያቄው ግን ከማን ይምጣ? ሦስተኛ ክፍል ደርሰው ማንበብ ያቃታቸውን ልጆች፣ በአዝመራ ሰሞን የሚቀሩትን፣ ከሰባተኛ ክፍል የሚያቋርጡትን ሴቶች ልጆች ከትምህርት ቤቱ መምህራን የተሻለ የሚያውቅ የለም። ጥያቄው ከእነሱ ቢነሣና ግኝቱ በመምህራን ስብሰባ ቢቀርብ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

አጋር ሲባል ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናስበው ገንዘብ የሚሰጥ የውጭ ድርጅት ነው። ድጋፉ አይናቅም፤ አካዳሚውም የተወለደው በእንዲህ ያለ ድጋፍ ነው። ነገር ግን ፕሮጀክት ዘመን አለው። ፕሮጀክት ሲያልቅ የሚቀሩት የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ የጉድኝት ማዕከሉ ሱፐርቫይዘር፣ የወላጅ መምህር ኅብረት፣ በክልሉ ያሉት የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ናቸው። በተለይ የወላጅ መምህር ኅብረትን ኮሌጆች እንደ አጋር ሲቆጥሩት እምብዛም አይታይም። ክፍል ሲጎድል እንጨትና ጉልበት የሚያዋጣው፣ የቀረ ልጅ ሲኖር ቤቱ ሄዶ የሚጠይቀው ግን እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ጉዳዩ ይብስ አስቸኳይ ሆኗል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ አንሥቶ በተባባሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ብዙ ልጆችም ዓመታት ባክኖባቸዋል። ሲመለሱ በዕድሜያቸው በሚገባቸው ክፍል ውስጥ ብቻ ማስቀመጥ አይበቃም፤ ማካካሻ ትምህርት፣ ታጋሽ መምህር፣ ያዘነን ልጅ ማናገር የሚችል ሰው ያስፈልጋል። ሠልጣኞቹ፣ የሥነ ልቦና መምህራኑና የማስተማር ስልት አዋቂዎቹ ያሉት ኮሌጁ ውስጥ ነው። አስቀድሞ ከትምህርት ቤቶቹ ጋር የቆየ ትውውቅ ያለው ኮሌጅ የትኛው ቀበሌ መምህር እንደጎደለው፣ የትኛው ክፍል ልጆች ፊደል እንደጠፋባቸው ስልክ ደውሎ ያውቃል። ትውውቅ የሌለው ግን መጠይቅ አዘጋጅቶ፣ አስፈቅዶ፣ በትኖና ሰብስቦ እስኪጨርስ አንድ መንፈቀ ዓመት ያልፋል።