ሕፃናት በመንፈቀ ዓመት ስለሚማሩት ትምህርት

በኮልፌ ቀራንዮ የአንደኛ ክፍል ሕፃን በመንፈቀ ዓመቱ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን፥ እንግሊዝኛን፥ ሒሳብን፥ የአካባቢ ሳይንስን፥ ግብረ ገብን፥ የክወናና የዕይታ ጥበብን፥ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻንም ይማራል። ትምህርቱ ልዩ ልዩ ቢኾንም የኹሉ መሠረት ማንበብ ነው። ማንበብ የማይችል ልጅ የሒሳቡን ጥያቄ ሊረዳ፥ ስለ ውሃና ስለ ዕፀዋት የተጻፈውን ሊያስተውል አይችልምና።

ስለዚህ ልጁ በቃሉ የያዘውን እንዳነበበ አድርጎ መቍጠር አይገባም። የፊደላችን 33 ሆህያት እያንዳንዳቸው 7 ድምፅ ስላላቸው በጠቅላላው 231 ይኾናሉ። ይህን ኹሉ ያለ ስሕተት በቃሉ የሚያወርድ ልጅ፥ ከመካከል አንዱን ነጥለው ቢያሳዩት ሊጠፋበት ይችላል። አባቶቻችን ይህን ዐውቀው ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳን አስተማሩ፤ በዚያ ተራው ስለሚለወጥ ዐይን ካልለየ አፍ ብቻውን አይመራም።

ሒሳብም እንዲሁ ነው። በአጠና ተራ አቅራቢያ ያለ ልጅ በ8 አጠና ላይ 5 ቢጨመር 13 እንደሚኾን አስቀድሞ በዕንጨቱ ቈጥሮ ይወቅ፤ ከዚያ በኋላ በደብተሩ ይጻፍ።

እናንተም ሽማግሌዎች፥ የልጁን ማርክ ብቻ አትመልከቱ። ከዚህ በፊት ያላየውን አጭር ዓረፍተ ነገር አስነብቡት፥ ትርጓሜውንም ጠይቁት። ቢሳነው ሳትቈጡት ለመምህሩ አስታውቁ። በጥር የታወቀ ጉድለት እስከ ሰኔ ሊቃና ይችላል፤ እስከ ሰኔ የተሸሸገ ግን ልጁን ተከትሎ ወደ ኹለተኛ ክፍል ይገባል።