አንድ ባንክ፣ አንድ መዝገብ፦ ኢአርፒ በልማት ባንክ

አንድ የልማት ባንክ ቅርንጫፍ ለመስክ መኪናው ጎማ ጠየቀ እንበል። ጥያቄው በደብዳቤ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ግዥ ክፍል ፕሮፎርማ ይሰበስባል። ጎማው ሲገባ ንብረት ክፍል በሞዴል 19 ይረከበዋል፣ በሞዴል 22 ወጪ ያደርገዋል። ፋይናንስ ለሻጩ ይከፍላል፣ በጀት ክፍል ከተፈቀደው ገንዘብ ላይ ይቀንሳል። አራቱም ክፍሎች በየራሳቸው ሌጀር ወይም በየራሳቸው የኤክሴል ፋይል ይመዘግባሉ። የበጀት ዓመቱ አልቆ ሒሳብ ሲዘጋ አራቱ መዝገቦች አልገጥም ካሉ፣ ልዩነቱ የት እንደተፈጠረ ለማወቅ ባለሙያው የዓመቱን ሰነድ ከሥሩ ማገላበጥ ይኖርበታል።

ኢአርፒ የሚባለው የተቀናጀ ሶፍትዌር የተሠራው ይህን ድካም ለማስቀረት ነው። መነሻው ፋብሪካ ነው፤ በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አምራቾች የጥሬ ዕቃ ፍላጎታቸውን በኮምፒውተር ማስላት ጀመሩ። በ1972 ከኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም የወጡ አምስት መሐንዲሶች ጀርመን ውስጥ ኤስኤፒ የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። ኢአርፒ የሚለውን መጠሪያ ደግሞ ጋርትነር የተባለው የጥናት ድርጅት በ1990 አወጣለት።

መርሁ አጭር ነው፦ አንድ ድርጊት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በተፈጸመበት ቦታ፣ በፈጸመው ሰው ይመዘገባል። ቅርንጫፉ የጎማውን ጥያቄ ሲያስገባ ሥርዓቱ ወዲያው በጀት መኖሩን አይቶ ገንዘቡን ይይዛል። ንብረት ክፍል መረከቡን ሲመዘግብ ክምችቱ ይጨምራል፤ በዚያው ቅጽበት ባንኩ ለሻጩ ያለበት ዕዳ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ይወጣል። ፋይናንስ ከመክፈሉ በፊት የግዥ ማዘዣው፣ የርክክብ ሰነዱና የሻጩ ደረሰኝ ጎን ለጎን ይመሳከራሉ። አራት ጎማ ታዝዞ ሦስት ገብቶ ደረሰኙ አራት ካለ ክፍያው ይቆማል።

ልማት ባንክ ግን ጎማ ለመግዛት የተቋቋመ ቤት አይደለም። ታሪኩን ከአፄ ምኒልክ ዘመን፣ ከ1901 ዓ.ም. የሚጀምረው የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ዋና ሥራው ለእርሻ፣ ለፋብሪካና ለመሳሰሉት ፕሮጀክቶች የረጅም ጊዜ ብድር መስጠት ነው። ብድሩ በአንድ ቀን ተቆጥሮ አይሰጥም። መሠረቱ ሲወጣ የተወሰነው፣ ማሽኑ ሲገዛ ሌላው፣ ተከላው ሲያልቅ ቀሪው ይለቀቃል። በየመሐሉ ባለሙያ መስክ ወርዶ ሥራው የደረሰበትን ያያል። በሊዝ ፋይናንስ ደግሞ ደንበኛው 20 በመቶ ሲያዋጣ ባንኩ 80 በመቶውን ሸፍኖ ማሽኑን ይገዛል፤ ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ የማሽኑ ባለቤት ባንኩ ነው።

ስለዚህ በእንዲህ ያለ ባንክ ሁለት ሥርዓቶች ተናበው መሥራት አለባቸው። ብድሩን፣ ወለዱንና የደንበኛውን ሒሳብ የሚይዘው ኮር ባንኪንግ ነው። ግዥ፣ ንብረት፣ የሰው ኃይል፣ ደመወዝና በጀት በኢአርፒ ሥር ይሆናሉ። ሁለቱ በአጠቃላይ ሌጀሩ ላይ ካልተገናኙ ችግሩ ቦታ ቀየረ እንጂ አልተፈታም። በሊዝ የተገዛ የዘይት መጭመቂያ በአንዱ ሥርዓት ማሽን፣ በሌላው ብድር ሆኖ ይቀመጣል፤ ደንበኛው መክፈል ሲያቆም ማሽኑ የት እንዳለና ምን ያህል ዕዳ እንደቀረበት በአንድ ገጽ ላይ የሚያይ ሰው አይኖርም።

ከሶፍትዌሩ ግዥ ይልቅ የሚከብደው ዝግጅቱ ነው። አንድ አቅራቢ በሦስት የተለያየ አጻጻፍ ሦስት ጊዜ ተመዝግቦ ይገኛል። በመዝገብ ላይ ያለ ጠረጴዛ በቢሮ የለም፣ በቢሮ ያለው ኮምፒውተር በመዝገብ አልሰፈረም። ይህ ሁሉ ሳይጸዳ ወደ አዲሱ ሥርዓት ከተጫነ የቆየው ስህተት በፍጥነት ይባዛል። የዘመን አቆጣጠራችንም የራሱ ጥያቄ አለው። ደመወዝ በ12 ወር ይከፈላል፤ ወለድ ግን የጳጉሜንን ቀናት ጨምሮ በየቀኑ ይታሰባል። ለ12 ወር ታስቦ ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር ይህን እንዲያውቅ ከመጀመሪያው ሊነገረው ይገባል።

እዚህ ላይ ባንኩ አንድ ከባድ ውሳኔ ይጠብቀዋል፦ ሶፍትዌሩን ለነባሩ አሠራር ይቀይር ወይስ አሠራሩን ለሶፍትዌሩ? የጀርመኑ የሱፐርማርኬት ሰንሰለት ሊድል ክምችቱን የሚተምነው በመግዣ ዋጋ ነበር፤ የኤስኤፒ መደበኛ አሠራር ግን በመሸጫ ዋጋ ነው። ሊድል አሠራሬን አልተውም ብሎ ሶፍትዌሩን አስቀየረ። ማሻሻያ በማሻሻያ ላይ ተደራረበ፤ በወቅቱ እንደተዘገበው 500 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ከወጣበት በኋላ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ሥራው ተቋረጠ። ሕግ ያስገደደው አሠራር፣ ለምሳሌ የመንግሥት ግዥ ደንብ ወይም የብሔራዊ ባንክ መመሪያ፣ በሶፍትዌሩ ውስጥ የግድ መግባት አለበት። በልማድ ብቻ የቆየ የፊርማ ብዛት ግን ለምን እንደሚያስፈልግ ተጠይቆ ካልተመለሰ ቢቀር ይሻላል።

የሰው ነገርም አለ። ዕቃ ያዘዘ ሰው ራሱ ተረክቦ ራሱ እንዳይከፍል ሥርዓቱ ሥልጣንን ይለያል። አንድ የይለፍ ቃል ለመላው ክፍል ከተሰጠ ግን ይህ ጥበቃ ፈረሰ ማለት ነው። ሥልጠናውም ለአለቆች ብቻ ከሆነ አይበቃም፤ መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ወረዳ ያለው የንብረት ሠራተኛ ግንኙነት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ሥርዓቱ የማይችለውንም መናገር ያስፈልጋል። በጋምቤላ ለሰፋፊ እርሻዎች የተሰጡ መሬቶች እርስ በርስ ተደራርበው ተገኝተዋል፤ ለእነዚያ እርሻዎች ከተሰጠው ብድርም ብዙው ሳይመለስ ቀርቷል። በሁለት ሰው ስም የወጣ የመሬት ካርታ በትክክል ቢመዘገብም ስህተቱ አይታረምም። መሬቱን ሄዶ የሚያየው፣ የአዋጭነት ጥናቱን የሚፈትሸውና አይሆንም የሚለው ሰው ነው።

ልማት ባንክ የሚያበድረው የሕዝብ ገንዘብ ነው። ኢአርፒ የሚመዘነውም በዚሁ ነው፦ የተለቀቀው ብር ማን ፈቅዶት፣ በየትኛው የመስክ ሪፖርት ተደግፎ፣ ምን እንደተገዛበት በተጠየቀ ጊዜ መልሱ ከመዝገቡ ወዲያው መውጣት አለበት። ሥርዓቱን የሚዘረጋ አመራር በምረቃው ቀን ሥራዬ አለቀ እንዳይል። መረጃውን የሚያጸዳ፣ ሠራተኛውን የሚያሠለጥንና ከመዝገቡ ውጭ የሚሠራውን የሚጠይቅ ቋሚ ባለቤት ካልሾመለት፣ ያ ሁሉ ወጪ የወረቀቱን ሌጀር በስክሪን ከመተካት አያልፍም።