የስደት መንግሥት ማኅተም

ጨፋ ሮቢት ታሪክ ሳስተምር በየዓመቱ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣል፦ «ቲቸር፣ ጃንሆይ እንግሊዝ አገር ተቀምጠው ደብዳቤ ከመጻፍ በቀር ምን ሠሩ?» መጠየቁ ደስ ይለኛል፤ «በቀር» የምትለው ቃል ግን ታናድደኛለች። አገሩ በጠላት እጅ ለገባ መንግሥት የቀረው መሣሪያ ደብዳቤ ነው። የሚሠራውም ሌሎች ማኅተሙን እስካከበሩለት ድረስ ነው።

ማይጨውን፣ ጄኔቫንና ባዝን ሁሉም ያውቃል። የለንደኑን ክርክር ግን የሚያነሣው የለም። ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለው ኩባንያ ከኢትዮጵያ ጋር በተዋዋለው የሬዲዮ ቴሌግራም አገልግሎት ለመንግሥታችን የሚከፍለው ገንዘብ ነበረበት። ጣሊያንም ገንዘቡ ይገባኛል አለች፤ ጃንሆይ ኩባንያውን ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1938 ተፈረደላቸው፤ እንግሊዝ የጣሊያንን ይዞታ በተግባር ብትቀበልም በሕግ ገና አላጸደቀችውም ነበርና። ኩባንያው ይግባኝ አለ። ይግባኙ ሳይቋጭ፣ በኅዳር፣ እንግሊዝ የጣሊያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብላ በሕግ ዐወቀች። በታኅሣሥ ፍርዱ ተገለበጠ። ውሉም ዕዳውም ከሳሹም እንደነበሩ ነበሩ፤ የሄደው ዕውቅናው ነው።

አሁን ፖላንድን ተመልከቱ። መንግሥቷ ለንደን ቢሰደድም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓ ውስጥ እስኪያበቃ እንግሊዝ ዕውቅናዋን አላነሣችበትም። ስለዚህ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኤድዋርድ ራቺንስኪ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 1942 የጀርመንን የአይሁድ ጭፍጨፋ በይፋ ማስታወሻ ሲያሳውቁ፣ በሳምንቱ 11 መንግሥታት በጋራ አወገዙት። በስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ፣ በአሌክሳንደር ዋዶሽ የሚመራው የፖላንድ ሌጋሲዮንም በሩን አልዘጋም። ምክትል ቆንሲሉ ኮንስታንቲ ሮኪትስኪ ከፓራጓይ የክብር ቆንሲል በተገዙ ባዶ ፓስፖርቶች ላይ የአይሁድ ቤተሰቦችን ስም በእጃቸው ይሞሉ ነበር። ያንን ወረቀት የያዘ ሰው እንደ ውጭ ዜጋ ተቆጥሮ፣ ወደ ሞት ካምፕ በመጫን ፈንታ ማቆያ ሊገባ ይችል ነበር። ብዙዎቹ በኋላ አለቁ፤ የተረፉም አሉ።

ክፍሉን እጠይቃለሁ፦ «ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ይዛችሁ ከሚሴ ብትሄዱስ?»

«ይመልሱናል!» ይላሉ ባንድ ድምፅ።

ጃንሆይንም መለሷቸው። እሳቸው ግን የዙፋን መብታቸውን ሳይለቁ ባዝ ቆዩ፤ ጣሊያን ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ እንግሊዝ ፊቷን ወደ እሳቸው አዞረች። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ልጆቼ፣ ያን ሁሉ ዓመት የተጻፈውን ደብዳቤ «በቀር» ብላችሁ አትለፉት።