ቡአ ያለበት ገበሬ ሊያውቀው የሚገባ



ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ወደ እርሻው የሚወርድ፥ በአጨዳ ጊዜ ነዶ የሚያነሣ ሰው አካሉ ጤነኛ ካልሆነ እርሻው ሊሰምርለት አይችልም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ መናገሩን ለጊዜው ትተን፥ ብዙ ወንዶች በሀፍረት ደብቀውት ስለሚኖሩት ስለ ቡአ እንገልጻለን።

በአዲስ አበባ በስታዲየም አካባቢ መድኃኒት ቤቶችና ክሊኒኮች ይበዛሉ፤ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታልም ከዚያ ብዙ አይርቅም። በሬውን ሸጦ፥ ሕመሙን ለጎረቤቱ እንኳ ሳይነግር፥ ወደዚያ ሐኪም ፍለጋ የሚመጣ ገበሬ አይታጣም። ነገር ግን ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በወረዳው ሆስፒታል በኦፕራሲዮን የሚድን ስለ ሆነ፥ በሬውም መሸጥ፥ መንገዱም መራዘም አልነበረበትም።

ቡአ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም

1ኛ፤ የአንጀት ቡአ። በብሽሽት በኩል ያለው የሆድ ግድግዳ ሲሳሳ አንጀት በቀዳዳው ሾልኮ ይወጣል፤ ከቆለጥ ከረጢት ድረስም ሊወርድ ይችላል። ሲያስሉ ወይም ሸክም ሲያነሡ ያብጣል፤ በጀርባ ሲተኙ ይመለሳል። የቆየ ሳልና የሆድ ድርቀትም ያባብሱታል። ሐኪሙ በኦፕራሲዮን አንጀቱን ወደ ስፍራው መልሶ ግድግዳውን ይጠግናል፤ አንዳንድ ጊዜም እንደ ወንፊት ያለ መረብ ያኖርበታል። ይህም የተቀደደ ጆንያን ጠጋኝ ጨርቅ አድርጎ እንደ መስፋት ነው።

2ኛ፤ የውሃ ቡአ። በቆለጥ ዙሪያ ውሃ ሲጠራቀም የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ አያምም፤ ሲተኙም አይመለስም። በጨለማ ክፍል የባትሪ መብራት ቢያበሩበት ብርሃኑ ያሳልፋል። እንደ ጋምቤላና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ባሉ የምዕራብ ቆላዎች የወባ ትንኝን የመሰሉ ትንኞች የሚያስተላልፉት ቀጭን ትል ያመጣዋል። በዚሁ ትል ምክንያት በዓለም ላይ 25 ሚሊዮን ያህል ወንዶች የውሃ ቡአ እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል። በበሽታው አገር በዓመት አንድ ጊዜ የሚታደለው ክኒን ትሉን ይቀንሳል፤ ያበጠውን ከረጢት ግን የሚያድነው ኦፕራሲዮን ነው። ሐኪሙ ውሃውን አፍስሶ ከረጢቱን ይቆርጣል ወይም ይገለብጣል። በመርፌ ብቻ ማፍሰስ አይበቃም፤ ውሃው ተመልሶ ይሞላል፥ ቁስሉም ሊመግል ይችላል።

3ኛ፤ ያልወረደ ቆለጥ። ወንድ ልጅ ሲወለድ አንዱ ቆለጥ ከሆድ ሳይወርድ የሚቀርበት ጊዜ አለ። እስከ ስድስት ወር ድረስ ካልወረደ ለሐኪም ይታይ፤ ኦፕራሲዮኑም በዓመቱ ግድም ቢደረግ መልካም ነው። ቢዘገይ ልጁ አድጎ እንዳይወልድ ሊያደርገው ይችላል፤ በኋላ ዘመንም የካንሰር ሥጋት ይጨምራል።

አንድ ቀን እንኳ የማይሰጥ ሕመም

የአንጀት ቡአ ያለበት ሰው እብጠቱ ጠንክሮ አልመለስ ካለ፥ ሕመሙ ከበረታ፥ ካስታወከውና ዐይነ ምድር ከከለከለው አንጀቱ ታንቋል ማለት ነው። ደም ያጣ አንጀት በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፤ ሰውየውም አብሮ ይሞታል። እንዲሁም በልጅ ወይም በጎልማሳ ቆለጥ ላይ ድንገት ብርቱ ሕመም ቢነሣ ቆለጡ ተጠምዝዞ ይሆናል፤ ይህን ለማዳን ያለው ጊዜ 6 ሰዓት ያህል ነው። በሁለቱም ሌሊት ነው፥ በዓል ነው ሳይባል ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል። በወጌሻ ማሳሸት፥ በብረት መተኮስ፥ በምላጭ መብጣት ፈጽሞ አይገባም።

ኦፕራሲዮን ማኮላሸት አይደለም

ብዙ ገበሬዎች «እንደ በሬ እኮላሻለሁ» ብለው ይፈራሉ። በሬ ሲኮላሽ የዘሩ ጅማት ተቀጥቅጦ ቆለጡ እንዲጠወልግ ይደረጋል፤ በቡአ ኦፕራሲዮን ግን ሐኪሙ የሚጠነቀቀው ጅማቱንና ቆለጡን ለመጠበቅ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ከዳነ በኋላ ከሚስቱ ጋር እንደ ቀድሞው ይኖራል፤ ልጅም ይወልዳል። ፍርሃት ያለበት ሰው ይህንኑ ሐኪሙን ሳያፍር ይጠይቅ።

መቼና በየት በኩል?

ሕመሙ የማይቻኮል ከሆነ ኦፕራሲዮኑን ከመኸር በኋላ፥ በጥርና በየካቲት ማድረግ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ለአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያህል ማረስም፥ ከባድ ሸክም ማንሣትም አይገባም፤ ሐኪሙ የሚነግረውን ቀን መጠበቅ ነው። ለዚህ ጊዜ የሚሆን ሥራ በወንፈልና በደቦ ከጎረቤት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ብልኅነት ነው።

መንገዱም ይህ ነው፤ በመጀመሪያ ለጤና ኬላ ባለሙያ መናገር፥ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ፥ ከዚያም የመላኪያ ወረቀት ይዞ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል መድረስ። በነዚህ ሆስፒታሎች በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሠለጠኑ የጤና መኮንኖች ይሠራሉ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ ጤና መድን ዛሬ በብዙ ወረዳዎች ስላለ፥ መዋጮውን የከፈለ ቤተሰብ ደረጃውን ጠብቆ ሲሄድ በሬውን መሸጥ የለበትም።

ለልማት ሠራተኞች፤ ገበሬው በሰው ፊት ይህን አይናገርም። ወደ እርሻው ስትሄዱ ብቻውን ስታገኙት፥ ሲራመድ እግሩን ሲያራርቅ ወይም ሸክም ሲሸሽ ስታዩት በቀስታ ጠይቁት፤ የመድን መታወቂያው መታደሱንም አሳስቡት።

አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህ ነው። ዛሬ የተናገረ ገበሬ በሚመጣው ክረምት ከሞፈሩ ኋላ ቀጥ ብሎ ይቆማል።