ማረጥ የአንጎልም ጉዳይ ነው

ደብረ ማርቆስ፦ በማረጥ ዕድሜ በሴቶች ላይ የሚከሰተው ድንገተኛ ሙቀት፣ ላብና የእንቅልፍ መዛባት በአንጎል ውስጥ ከሚካሄድ ለውጥ ጋር የተያያዘ መሆኑን በዘርፉ የተደረጉ ጥናቶች ያመለክታሉ።

ከባህር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ማርቆስ የማለዳው ብርድ ጋቢ የሚያስደርብ ነው። በዚህ ብርድ መካከል የ50 ዓመት ሴት ፊቷና ደረቷ በድንገት ግሎ በላብ ስትጠመቅ ለሚያይ ሰው፣ ዓባይ በረሃ ወርዳ ወባ ይዟት የተመለሰች ሊመስለው ይችላል። አብዛኞቹ ሴቶች የሚያርጡት ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ ማረጥ ተከሰተ የሚባለውም የወር አበባ ለተከታታይ 12 ወራት ሲቋረጥ ነው።

አንጎል እንደ ሞርፊን ሕመም የሚያስታግሱ ንጥረ ነገሮችን ራሱ ያመርታል። ከእነዚህ አንዱ የሆነውን ኤንኬፋሊን ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ እ.ኤ.አ. በ1975 በስኮትላንድ አበርዲን ለይተው አስታውቀዋል። ቤታ ኢንዶርፊንና ዳይኖርፊንም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ሥራቸው ሕመም በማስታገስ አያበቃም፤ አንጎል ለመራቢያ አካላት የሚልከውን የሆርሞን ትእዛዝ እንደ ልጓም ይገታሉ።

ይህ ልጓም የሚጠብቀው በኢስትሮጂንና በፕሮጄስትሮን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በተካሄዱ ሙከራዎች፣ የወር አበባ በሚያዩ ሴቶች ላይ በዑደቱ ሁለተኛ አጋማሽ የንጥረ ነገሮቹ ሥራ በናሎክሶን መድኃኒት ሲታገድ የሉቲናይዚንግ ሆርሞን መጠን ከፍ ብሏል። ባረጡ ሴቶች ላይ ግን ይህ አልታየም፤ ሆርሞኖቹ ሲሰጧቸው ምላሹ ተመልሷል። በሴቶች የማረጥ ዋነኛ መንስኤ የእንቁላል ክምችት ማለቅ ሲሆን፣ የአንጎሉ ልጓም መላላት ይህንኑ ተከትሎ የሚመጣ ነው።

ካረጡ በኋላ ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ዳይኖርፊን ሲቀንስ ኒውሮኪኒን ቢ የተባለው ንጥረ ነገር ይጨምራል። ይህም የሰውነት ሙቀት መቆጣጠሪያውን ስለሚያውክ ድንገተኛውን ሙቀት ያስከትላል። በዚሁ ግኝት ላይ የተመሠረተው ፌዞሊኔታንት የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 በአሜሪካ ተፈቅዷል።

ጉዳዩ መሥሪያ ቤቶችንም ይመለከታል። መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 በመሆኑ በርካታ ሴት ሠራተኞች ካረጡ በኋላ ለዓመታት በሥራ ላይ ይቆያሉ። አየር የሚገባበት ቢሮ፣ አጭር ዕረፍትና ከፌዝ የራቀ አቀባበል ከፍተኛ በጀት የሚጠይቁ አይደሉም። እንቅልፍ ያጣችን ሠራተኛ በስንፍና ከመገምገም በፊት ምክንያቱን መረዳት ከኃላፊዎች ይጠበቃል።

ይሁንና ምልክቱ ሁሉ የማረጥ ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም የማህፀን ካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ከ40 ዓመት በፊት የወር አበባ መቋረጥም ምርመራ ይሻል። 12ቱ ወራት እስኪሞሉም እርግዝና ሊከሰት ይችላል።

በጎጃም ደጋማ ገጠር ካረጡ በኋላ ቆብ የሚደፉ እናቶች አሉ፤ ዕድሜውም የክብር ዕድሜ ነው። ክብሩ ግን ሕመምን በዝምታ የመቻል ግዴታ ሊሆን አይገባም። ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ በየቀበሌው የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን አገልግሎት የወለዱ እናቶችን ቤት እንደሚያንኳኳ ሁሉ፣ ወልደው ያሳደጉትንም ሊያስታውስ ይገባል።