ተጨማሪ መረጃ፦ ጂዳ በላብ፣ መካ በቃጠሎ

ጂዳና መካ የሚራራቁት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሰኔና የሐምሌ ሙቀታቸው ግን ለየቅል ነው። ምክንያቱ ጂዳ ዳርቻው ላይ የምትገኝበት ቀይ ባሕር ነው። 1 ኪሎ ግራም ውኃን በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ 4,200 ጁል ገደማ ያስፈልጋል፤ ለደረቅ አሸዋ 800 ጁል ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ ቀን ላይ የብሱ ቀድሞ ይግላል። በላዩ ያለው አየር ተስፋፍቶ ሽቅብ ሲወጣ፣ ከባሕሩ ቀዝቀዝ ያለው አየር ይተካዋል፤ የከሰዓት በኋላው የባሕር ነፋስ ይኸው ነው። ጂዳን ከቃጠሎ ያተርፋታል፤ ይዞት የሚመጣው እርጥበት ግን ላብ በቶሎ እንዳይተን ስለሚያደርግ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ይለጠፋል። (እዚያ የኖረ ዘመድ ያላችሁ ጠይቁ!)

መካ ግን ከባሕሩ ርቃ በድንጋያማ ተራሮች በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ናት። ዐለቱ ቀን የዋጠውን ሙቀት ማታ ይተፋዋል። በሰኔ 2016 ዓ.ም. የሐጅ ወቅት በታላቁ መስጊድ 51.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዝግቧል፤ ከ1,300 በላይ ሰዎችም ሞተዋል። በእንዲህ ያለ ሐሩር በካዕባ ዙሪያ በባዶ እግር መዞር የሚቻለው፣ ወለሉ የፀሐይን ጨረር በሚመልስ፣ ከግሪክ በመጣ ነጭ እብነ በረድ ስለተነጠፈ ነው።