የጊዜው መንገደኛና የጠፋው ፊልም

የሰው ልጅ ከሚኖርበት ዘመን ወጥቶ የአባቶቹን ጊዜ በዓይኑ ለማየት፣ የልጅ ልጆቹንም ዘመን አስቀድሞ ለማወቅ ያለው ምኞት ከጥንት የመጣ ነው። ይህን ምኞት መሠረት አድርገው ከተሠሩት የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎች መካከል የእንግሊዞቹን «ዶክተር ሁ» ያህል ዕድሜ ያገኘና የተወደደ ጥቂት ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ ያነሣነው ግን የባዕድ አገር ጨዋታ ስለ ናፈቀን ብቻ አይደለም። የዚህ ድራማ ታሪክ በአገራችን በኩል ያለፈበት መንገድ አለ፤ ያም መንገድ በወልቂጤና በቡታጅራ ለሚማሩ ተማሪዎች፣ ይልቁንም በየመሥሪያ ቤቱ የመዝገብ ቤትና የዕቃ ቤት ቁልፍ ለሚረከቡ ወጣት ሠራተኞች የሚነግረው ቁም ነገር አለው።

ድራማው ለመጀመሪያ ጊዜ በቢቢሲ ቴሌቪዥን የታየው ኅዳር 13 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ማግሥት መሆኑ ነው። ዋናው ሰው እውነተኛ ስሙ የማይታወቅ፣ «ዶክተር» እየተባለ ብቻ የሚጠራ፣ ቁጡና ብልህ ሽማግሌ ነው። ከዘመን ወደ ዘመን የሚጓዝበትም መሣሪያ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ለፖሊስ ስልክ ይደወልበት የነበረውን ሣጥን የመሰለ ነው። ከውጭ ሲያዩት ከዘበኛ ማረፊያ አይበልጥም፤ በሩን ከፍተው ሲገቡ ግን አዳራሽ ነው። ከእርሱ ጋር በመጀመሪያ የተጓዙት የልጅ ልጁና ሁለት መምህራን ነበሩ፤ አንደኛዋ የታሪክ፣ ሁለተኛው የሳይንስ አስተማሪ። የደራሲዎቹ አሳብ ወደ ኋላ ሲጓዙ ለልጆች ታሪክን፣ ወደ ፊት ሲጓዙ ሳይንስን ለማስተማር ነበርና፣ ተመልካቹ ዛሬ ከማርኮ ፖሎ ጋር የቻይናን በረሃ ሲያቋርጥ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ዳሌክ ከሚባሉት ጨካኝ ፍጡሮች ጋር ይፋጠጥ ነበር።

ይህ ሁሉ የተሠራው በብዙ ገንዘብ አልነበረም። የመጀመሪያዋ ፕሮዲዩሰር ቬሪቲ ላምበርትና የመጀመሪያውን ታሪክ ያዘጋጀው፣ በህንድ አገር የተወለደው ዋሪስ ሁሴን፣ ሁለቱም ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ሣጥኑ ሲነሣ የሚሰማው ዝነኛ ድምፅ እንኳ የተገኘው የበር ቁልፍ በአሮጌ ፒያኖ ሽቦ ላይ በመፋቅ ነው። በ1959 ዓ.ም. ዋናው ተዋናይ ዊልያም ሃርትኔል ጤናው ሲታወክ ድራማው ያበቃል ሲባል፣ ዶክተሩ አካሉን አድሶ ሌላ ሰው መስሎ ይነሣል የሚል ዘዴ ፈጠሩ። በዚህም ዘዴ ተዋንያን እየተፈራረቁበት ድራማው እስከ 1982 ዓ.ም. ዘለቀ፤ ተቋርጦም በ1997 ዓ.ም. እንደ ገና ተጀመረ። የቀድሞውን ዘመን ተመልካቾች እስከ ዛሬ የሚያስናፍቃቸው የግድግዳው ካርቶንነት አይደለም፤ በጥቂት ዕቃ ትልቅ ዓለም መፈጠሩ ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በንጉሠ ነገሥቱ የተመረቀው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ድራማው በለንደን ከታየ ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። አዲሱ ጣቢያ እንደ ሌሎቹ የአፍሪካ ጣቢያዎች ሁሉ ሰዓቱን የሚሞላለት የውጭ ፊልም ያስፈልገው ነበርና፣ የሃርትኔልን ዘመን ክፍሎች ከገዙት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያም ትገኛለች። እንግዲህ የጊዜው መንገደኛ በጥቁርና ነጭ ሥዕል አዲስ አበባ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ወደ ጉራጌ ከተሞች ግን አልዘለቀም፤ የመጀመሪያው ሥርጭት በአዲስ አበባና በአካባቢው የተወሰነ ነበር። ያን ጊዜ የአገሩ ሰው አሳብ በመንገድ ላይ ነበር። ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወስደውን መንገድ ለማሠራት በማኅበር ተደራጅቶ ገንዘቡን ያዋጣ ነበር።

የወልቂጤና የቡታጅራ ተማሪ በሣጥን ውስጥ የሚመጣ መምህር ያየው ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲጀመር ነው። ዛሬ በየጽሕፈት ቤቱ ከተቀመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ያስታውሱታል። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ፣ በሳተላይት የሚመጣ ነበር። መምህሩ በሰዓቱ ይመጣል፤ ይናገራል፤ ጥያቄ ይጠይቅና ሰኮንዶቹን ቆጥሮ መልሱን ራሱ ይሰጣል። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ የሚያየው አልነበረም፤ ያለፈው አለፈ ነው።

ያለፈው አለፈ የሚለው ነገር በራሱ በዶክተሩም ላይ ደርሷል። በዚያን ዘመን የቪዲዮ ቴፕ ውድ ነበርና ቢቢሲ የተጠቀመበትን እየደመሰሰ ሌላ ይቀዳበት ነበር። ለሌላ አገር የሚሸጡት የፊልም ቅጂዎችም የሽያጭ ጊዜያቸው ሲያልፍ እንዲቃጠሉ ወይም እንዲጣሉ ይደረጉ ነበር። ከዓመታት በኋላ ይህን ሥራ የሚፈልግ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት ከተሠሩት 253 ክፍሎች ብዙዎቹ የጠፉት በዚህ ምክንያት ነው። ወዳጆቹ ሲባንኑ ተስፋ የቀራቸው በባሕር ማዶ ነበር። ፊልሙን የገዙ አገሮች አሳይተው ሲጨርሱ እንዲመልሱት፣ ለሌላ አገር እንዲያስተላልፉት ወይም እንዲያጠፉት ይታዘዙ ነበር፤ ትእዛዙን የዘነጋ አንድ ዕቃ ቤት ቢኖር ግን ፊልሙ በዚያ ይገኛል።

በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከመቶ በላይ የጠፉ ክፍሎች በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ዕቃ ቤት ተገኙ የሚል ወሬ በእንግሊዝ ጋዜጦች ወጣ። ብዙ ሰው ተደሰተ፤ ነገር ግን የታወጀው እውነት ሌላ ነበር። ፊሊፕ ሞሪስ የሚባለው ፊልም ፈላጊ ጠፍተው የነበሩ ዘጠኝ ክፍሎችን ያገኘው በናይጄሪያ፣ በጆስ ከተማ ካለ የቴሌቪዥን ማሠራጫ ዕቃ ቤት ነው። ከዚያም በኋላ 97 ክፍሎች እንደ ጠፉ ቀሩ። ከለንደን የጠፋውን ያኖረው፣ የለንደን ሰው ስሙን እንኳ የማያውቀው የጆስ ዕቃ ቤት ሆነ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

የእኛ ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዞች የእነርሱን ፊልም በእኛ ዕቃ ቤት ተስፋ አድርገዋል፤ የእኛን ግን ማን ይዞልናል? የኢትዮጵያ ድምፅና ሥዕል ወደ መቶ አገር አልተሸጠም። ከእኛ እጅ ከጠፋ ከጆስ ተፈልጎ የሚመጣ ቅጂ የለም።

ተግቶ የጠበቀ ምን እንደሚያተርፍ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ምስክሯ ቡታጅራ ናት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድን ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1979 ዓ.ም. በቡታጅራ አካባቢ አንድ የጤና ጥናት ጀመረ። በዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና በአንድ የከተማ ቀበሌ መዝጋቢዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ ያገባውን፣ ወደ ሌላ አገር የሄደውን ይጽፉ ነበር። ለአንድ ቀን ሲያዩት ተራ ወረቀት ነው፤ ለዓመታት ሲጠራቀም ግን ስለ ሕፃናት ሞት፣ ስለ ወላዶችና ስለ አእምሮ ሕመም የተጻፉ የብዙ ጥናቶች መሠረት ሆነ፤ የቡታጅራም ስም በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ታወቀ። ወረቀቱን ያከበረው አንድ ታላቅ ሰው አልነበረም፤ ቀኑንና ስሙን አስተካክሎ የጻፈ መዝጋቢ ነው።

በየከተማው ጽሕፈት ቤት መደርደሪያ ላይ የመስቀል በዓል፣ የመንገድና የትምህርት ቤት ምረቃ፣ በጉራጌ ቋንቋዎች የተናገሩ ሽማግሌዎች ድምፅ የተቀዳባቸው ካሴቶች ይኖራሉ። አቧራና እርጥበት ያጠፋቸዋል፤ ማጫወቻ መሣሪያውም ከገበያ እየጠፋ ነው። የሚያስፈልገው ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ካሴቱን ከመጣል በፊት ማዳመጥ፣ በላዩ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም መጻፍ፣ መሣሪያው ሳይጠፋ ወደ አዲሱ ዘዴ መገልበጥ፣ አንዱን ቅጂ እዚያው አኑሮ ሁለተኛውን ወደ ሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ወደ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መላክ ነው። የጆስ ትምህርት ይኸው ነው፤ የዳነው በሁለት ቦታ የነበረ ነው።

በዕቃ ቤት ያለው ወጣት ሠራተኛ «ይህ አሮጌ ነው፤ ቦታ ያጣብባል» የሚል ትእዛዝ አንድ ቀን ይደርሰዋል። ቢቢሲም የደመሰሰው በዚሁ ቃል ነበር። እንዲያ ባለ ቀን ከመፈረሙ በፊት ሣጥኑን ከፍቶ ውስጡን እንዲያይ አደራ እንላለን። ወደ ኋላ የሚመልሰን ሰማያዊ ሣጥን የለንም፤ ያለን በመደርደሪያው ላይ ያለው ነው።